የቁርቁራው ቅጠል የእሳት እራት

ካርቱም፣ ማንሺያ ሰፈር ያለው ቤት ሥራ የገባሁ ዕለት መጀመሪያ የተሰጠኝ ትእዛዝ አትጥረጊ የሚል ነበር። ለቤት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ከአጥሩ ጥግ አንድ ትልቅ ነበግ ቆሟል፤ እኛ ቁርቁራ የምንለው እሾሃም ዛፍ። ሥሩን የደረቀ ቅጠል ሞልቶታል። ሥራ ወዳድ መሆኔን ለማሳየት ቸኩዬ መጥረጊያዬን ገና መሬት ከማሳረፌ፣ የቤቱ ጌታ፣ ሽማግሌው፣ ከበረንዳው ላይ ሆነው "ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ቁሚ! ሰው አለበት!" ብለው ጮኹ።

ዞር ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም። ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል አነሱ፤ ወደ ፀሐይ አቅንተው አሳዩኝ። ቅጠሉ ውስጥ ቀጭን ብርማ መስመር እየተጠማዘዘ ሄዷል፤ መሐል መሐሉን ጥቁር ነጠብጣብ አለው። "ትሏ ከላይኛው ቆዳና ከታችኛው ቆዳ መካከል ገብታ ትበላለች። ጣሪያውን አትቀድ፣ ወለሉን አትበሳ። ቤቷ ነው" አሉኝ። ራሴን በአክብሮት እየነቀነቅሁ በልቤ ግን "ደግሞ ምን ዓይነቱ እብድ ላይ ጣልከኝ?" እላለሁ። ያን ጊዜ ካርቱም ከመጣሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል፤ ካፉሪ ሰፈር ውስጥ ሁለት ቪላ አገልግያለሁ፤ የሀብታም ዓመል አይቼ ጠግቤአለሁ። ቅጠል ውስጥ ሰው አለ የሚል ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ሽማግሌው የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ልጃቸው ባሕር ማዶ የምትኖር ሰው ነበሩ። ሙያቸው የእሳት እራት ነው። አምፖል ላይ የሚንጋጋውን ትልቁን ማለቴ አይደለም። የእሳቸዎቹ በትልነታቸው ቅጠል ቦርቡረው የሚኖሩ፣ ክንፍ ካወጡ በኋላም ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ናቸው። በዓለም ላይ ያሉትን ቅጠል ቦርቧሪዎች አንድ በአንድ የሚመዘግቡ ጥቂት ሰዎች አሉ። በየአገሩ ተበታትነው በደብዳቤና በኢሜይል ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱ የየአካባቢውን ያዋጣል። ሱዳንና የዓባይ ሸለቆ የኔ ሽማግሌ ድርሻ ነበር።

ሳሎን የሚባል ነገር በዚያ ቤት አልነበረም፤ በሳሎኑ ቦታ ካርድ ነበር። ለእያንዳንዷ ዓይነት አንድ ካርድ አለ። ስሟ፣ ስሙን ያወጣላት ሰው፣ መጀመሪያ የተያዘችበት ቦታ፣ የምትበላው ቅጠል፣ በስፒል ተወግታ የተቀመጠችበት ሳጥን፣ ሁሉም በደቃቅ ጽሕፈት ሰፍሮበታል። ልጃቸው ኮምፒውተር ገዝታ ልካላቸዋለች፤ እሳቸው ግን አቧራ እንዳይገባበት ብለው በአንሶላ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። አቧራ የጠሉት ለኮምፒውተሩ ብቻ ነበር። የቀረውን ቤት ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በመጣ ቁጥር እኔ ነኝ ከጣሪያው ጀምሬ የማጥበው።

ዓይናቸው እየጠፋ ነበር። ግላኮማ ነው፤ ሱዳኖቹ ጥቁር ውሃ ይሉታል። እኔ ስገባ የሰው ቅርጽ ይለያሉ፣ ፊደል ግን አይታያቸውም። አንድ ቀን አቧራ ስጠርግ የአንዷን ካርድ የላቲን ስም ለራሴ አጉተመተምኩ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጎንደር ጨርሻለሁ፣ ማትሪክ ጉድ ሠራኝ እንጂ እንግሊዝኛ ማንበብ አያቅተኝም። ድምፄን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቤት አጸዳለሁ፣ ከምሳ በኋላ አነብላቸዋለሁ፤ በኋላ ማይክሮስኮፕ አስተማሩኝ፣ ከዚያ ወረንጦ፣ ከዚያ ከፀጉር የቀጠነውን ስፒል። እጄ እንደማይንቀጠቀጥ ያወቅሁት ያኔ ነው። ስለ ራሴ ያላወቅሁት መልካም ነገር መኖሩ ገርሞኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ክፉኛ ተቆጥተውኛል። አንዷ የተያዘችበት ቀን በተጻፈበት አሮጌ ወረቀት ላይ ቀለሙ የለቀቀ ቁጥር ነበር። "ወሩ ስምንት ነው፣ አይደል?" አሉኝ። እኔ ባደግሁበት ቤት ትልቅ ሰው "አይደል?" ካለ መልሱ "አዎ ነው" ነው። አዎ አልኳቸው። ከሳምንት በኋላ በዚያ ዓመት ስምንተኛው ወር ላይ አገር ውስጥ እንዳልነበሩ ትዝ አላቸው። አስጠሩኝ። "ቁጥሩን አይተሽው ነበር?" አሉ። መሬት መሬት እያየሁ "በደንብ አልታየኝም ነበር" አልኩ። "አልታየኝም ማለት መልስ ነው። እኔን ደስ ለማሰኘት አዎ ያልሽኝ ዕለት እኔ ሁለተኛ ጊዜ ታወርኩ" አሉኝ።

ሦስት ቀን አኮረፍኳቸው። ዓመለኛ ነኝ፣ አልክድም። ሻያቸውን ያለ ስኳር አቀረብኩ፤ እሳቸው ደግሞ ስኳር ከልክሏቸው የነበረውን ሐኪም ሰማሽው እንዴ ብለው አመሰገኑኝ። በአራተኛው ቀን ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ "አይታየኝም"፣ "አላወቅሁትም"፣ "እርግጠኛ አይደለሁም" የሚሉትን ቃላት ለትልቅ ሰው ሳላፍር መናገር ተማርኩ። የትምህርት ቤት ዕድሜዬ ሁሉ ያላስተማረኝን ነው ያስተማሩኝ፤ መጨረሻው ላይ ግን አልረዳኝም።

ከካርዶቹ ሁሉ የሚያንገበግባቸው አንድ ነበር። የግቢያቸው የነበግ ነዋሪ ናት። ቤቱን ሲሠሩ ዛፉን የተከሉት ራሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ዳዴ ስትል ቅጠሉ ላይ መስመሯን አዩ። የትኛውም መጽሐፍ ላይ የሌለ ዓይነት መስመር ነው፤ መጀመሪያ ጠባብ ጥምዝ፣ ከዚያ ድንገት ሰፋ ብሎ ቅጠሉን ጠርዝ ጠርዙን ይዞራል። ካርድ አወጡላት። ካርዱ ላይ ቅጠሉና ቦታው ተጽፏል፤ የስሙ ቦታ ባዶ ነው። ያየነው ቤቷን እንጂ እሷን አይደለም፣ ክንፍ አውጥታ ያልታየች ስም አይወጣላትም። ሥርዓቱ እንዲህ ነው።

ሠላሳ ዓመት ሞከሩ። ቅጠሉን ቆርጠው ጠርሙስ ውስጥ ያደርጋሉ። እርጥበት ሲበዛ ይሻግታል፣ ሲያንስ ደርቆ ትሏን ይገድላታል። ሁሉም ሲስተካከል ደግሞ ተርቧ አለች። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ አረንጓዴ የምታብለጨልጭ ተርብ ናት። በቅጠሉ ጣሪያ በኩል ትሏን ወግታ እንቁላሏን ትጥልባታለች፤ ልጇ ትሏን ከውስጥ በልታ አድጋ በእሷ ፈንታ ትወጣለች። ሽማግሌው ጠርሙስ ከፍተው የእሳት እራት ሲጠብቁ በየዓመቱ ተርብ ይወጣላቸዋል። የነበጓ ተርብ ከሌሎቹ የባሰች ናት፣ አንዲት ትል አትተርፋትም ይሉ ነበር።

ታሪኬ የሚጀምረው የዳቦና የቤንዚን ሰልፍ ከተማውን ባሰለቸበት ዓመት ነው። ኸሪፉ፣ የእነሱ ክረምት፣ ዘንቦ እንዳበቃ ከኸዋጃዎቹ፣ ከፈረንጆቹ መዝጋቢዎች፣ ኢሜይል መጣ፤ ጎረቤታቸው በስልኩ ነበር የሚያነብላቸው። የዓለሙ መዝገብ የእሳቸው ክፍል ዓመቱ ሲያልቅ ይዘጋል፣ የቀረ ካለ ላክልን ይላል። በዚያው ወር ሐኪሙ ኩላሊታቸው እየደከመ መሆኑን ነገራቸው። ልጃቸው በስልክ አልቅሳ ወደኔ ና ብላቸው ነበር። "ካርዷን ባዶ ትቼ የትም አልሄድም" አሏት። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ሰማሁ። ሰውየው የፈለጉት ይህን ብቻ ነበር፤ ገንዘብም ዕድሜም ሲለምኑ ሰምቼ አላውቅም።

ሃያ ጠርሙስ አዘጋጀሁ። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በብርሃን እያየሁ ትሏ የምትንቀሳቀስበትን ብቻ መረጥኩ። ከሥራቸው እርጥብ ሶፍት አነጠፍኩ፤ መብራት ሲጠፋና ቤቱ እቶን ሲሆን ጠርሙሶቹን በእርጥብ ጆንያ እሸፍናለሁ፣ ሲመጣ እገልጣለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እንኳ ሐሳቤ ሶፍቱ ላይ ነበር። ሽማግሌው ከአልጋቸው ሆነው "እንዴት አደሩ?" ይሉኛል፤ ጠርሙሶቹን ማለታቸው ነው።

ከዚያ መውጣት ጀመሩ። አንደኛው ተርብ። ሁለተኛው ተርብ። አምስተኛው ሻገተ። በሦስተኛው ሳምንት የቀሩኝ ሁለት ጠርሙሶች ነበሩ፣ በሁለቱም ውስጥ ትሏ ድሯን ፈትላ ቅጠሉ ላይ ተኝታ ምንም የማይንቀሳቀስ ነገር ሆናለች። በዚያ ሳምንት እሳቸው ሆስፒታል ገቡ።

በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ እጠይቃቸዋለሁ። ሀፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ካገኘሁ በሀፍላ፣ ካላገኘሁ በረክሻ፣ በእኛ ባጃጅ፣ እሄዳለሁ። ገና ድምፄን ሲሰሙ "ወጣች?" ይላሉ። "ገና ነች" እላለሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አንድ ቀን ሾርባቸውን አልነኩም፤ አንድ ቀን ደግሞ መድኃኒቱን ተፉት። እጃቸው እንደ ጨርቅ ለስልሶ ነበር። አንጀቴን በሉት።

ሳጃና በሚባለው ሰፈር ከአንዲት አገሬ ልጅ ጋር ቤት ተጋርቼ እኖር ነበር። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ሻይ በመሸጥ ሃያ ዓመት ካርቱም የኖረች ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እግሯን በሞቀ ውሃ ነክራ ተቀምጣ ጉዳዩን ነገርኳት።

"ወላሂ አንቺ ልጅ ጨካኝ ነሽ!" አለችኝ። "ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ ይነገራል እንዴ? ወጣች በያቸዋ፣ ኸላስ፣ በቃ! ሰውየው ሙስተሽፋ ተኝቶ ስለ ትል ይመረመራል?"

"እትዬ፣ እሳቸው ውሸት አይወዱም።"

"ማን ይወዳል? እኔ እወዳለሁ? ይሄ ውሸት አይደለም፣ ራህማ ነው፣ ርኅራኄ። ያላ፣ ነገ ነግረሻቸው ነይ።"

እንግዳ ነገር አልተናገረችም። እናቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ ወንድሟ መሞቱን ደብቀናታል። በእኛ ዘንድ ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም፤ ደፍሮ የሚነግር ቢገኝ ሰፈሩ ሁሉ ያወግዘዋል። እናቴ "ወንድሜ እንዴት አንድ ቀን አይጠይቀኝም?" እያለች፣ ተቀይማው ሞተች። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ደግ አደረጋችሁ አለን። እኔም ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ነው የኖርኩት። ሰው ባደገበት ያምናል።

በማግስቱ ሄድኩ። ሽማግሌው በጣም ደክመው ነበር፣ አንገታቸውን እንኳ ማቅናት አቅቷቸዋል። "ወጣች?" አሉኝ። አፌ "ገና" ሊል ተከፍቶ "ወጣች" አለ።

ሊነሡ ሞከሩ። ትከሻቸውን ይዤ ደገፍኳቸው።

"ተርብ አይደለችም?"

"አይደለችም፣ ያ ፕሮፍ።"

"ወገቧን አይተሻል?"

"አይቻለሁ። ቀጭን አይደለም።"

"የክንፏ ጠርዝ ፀጉር አለው?"

"አለው።" እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር፤ የእሳት እራት ሁሉ እንዲያ ነው።

"ቀለሟስ?"

ይህን አላሰብኩበትም። ዓይኔ ክፍሉን ዞረ፤ ግድግዳው ነጭ፣ ባልዲው ሰማያዊ። እግራቸው ላይ የሆስፒታሉ ብርድ ልብስ ነበር፣ ግራጫ፣ ጫፉ ላይ ሦስት ነጭ መስመር ያለው። "ግራጫ ናት" አልኩ። "ክንፏ ላይ ሦስት ነጭ መስመር አላት።"

"ሦስት!" አሉ። እንባቸው በጎን በጎን ወርዶ ጆሯቸው ውስጥ ገባ። "አልሐምዱሊላህ። ሦስት!" እኔም አለቀስኩ። የምን ልቅሶ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። እፍረት ነበረበት፣ ደስታም ነበረበት፤ ያን ፊት አይቶ ደስ የማይለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

በማግስቱ ካርዱን ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። አመጣሁ። ቃል በቃል እየነገሩኝ ጻፍኩ፤ ግራጫ፣ ሦስት ነጭ መስመር፣ ቅጠሉ ነበግ፣ ቦታው ካርቱም። "ያሳደጋት" የሚል ቦታ አለ። የእኔን ስም ከእነ አባቴ ስም አስጻፉኝ። ሰው ያምራል ይለው የነበረው ጽሕፈቴ ያን ቀን ሰባራ ጥፍር የጻፈው መሰለ። ከዚያ ሾርባ ጠየቁ፣ ግጥም አድርገው ጠጡ። ለልጃቸው ደወልኩላቸው፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዤ ቆሜ ሲስቁ ሰማሁ። በልቤ እትዬን መረቅሁ። ደግ ነው ያደረግሁት፣ ይኸው ሰውየው በላ፣ ይኸው ሳቀ፣ ምን ቀረ?

ሁለት ቀን አለፈ። ጠዋት ጠርሙሶቹን አጥቤ ልመልሳቸው ገባሁ። የቀሩትን ሁለቱን ያልደፋኋቸው ከስንፍና ነው፤ ለማን ብዬ እጠብቃለሁ? አንደኛውን አንሥቼ ክዳኑን ልፈታ ስል ከክዳኑ ሥር አንዲት ነገር ተለጥፋ አየሁ። ገለባ መሰለችኝ። ጠርሙሱን መታ ሳደርገው መራመድ ጀመረች።

ከነጠርሙሱ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኋት። የስንዴ ገለባ ቀለም ናት። ክንፏ ጫፍ አጠገብ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች፣ ሌላ ምንም የለም፤ መስመር የሚባል የለም። ራሷ ላይ ብርቱካንማ ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከእንቅልፉ እንደተነሣ ሕፃን። የክንፏ ጠርዝ ረጅም ፀጉር አለው። ወገቧ ወፍራም ነው። ተርብ አይደለችም። ሠላሳ ዓመት ማንም ያላያትን ነገር አየኋት፣ ብቻዬን፣ መጥረጊያዬ ጎኔ ተደግፎ።

እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። ይቺን ለመስጠት ያቺን መንጠቅ አለብኝ። እውነተኛዋ መጣች ለማለት የመጀመሪያዋ የብርድ ልብስ ጫፍ ነበረች ማለት አለብኝ፤ እያዩኝ ሳይሆን እየሰሙኝ፣ የቀራቸው ነገር ድምፄ ብቻ በሆነበት ሰዓት። ሆኖም ልነግራቸው ወሰንኩ። ይህ ይመዝገብልኝ፣ ወስኜ ነበር። በብልቃጥ አደረግኋት፣ አፉን በጥጥ ወተፍኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከሶፍት ጋር አስቀመጥኳት። ቤንዚን የለም ብለው ሀፍላዎቹ ቆመዋል። ረክሻ ይዤ፣ በየጉድጓዱ ስንዘል ቦርሳዬን በሁለት እጄ አንሥቼ ይዤ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ንግግሬን አጠናሁ፤ "ያ ፕሮፍ፣ አጥፍቻለሁ፣ ግን እሷ እዚህ አለች።"

ስገባ ወጣት ሐኪም አልጋው አጠገብ ቆሟል። ሽማግሌው ኮቴዬን አወቁት። እጃቸውን ወደኔ ዘርግተው ለሐኪሙ፣ "ዲ ዑዩኒ" አሉት፣ ይቺ ዓይኖቼ ናት ማለታቸው ነው። "ሠላሳ ዓመት እኔ ያላየሁትን ያየች እሷ ናት። ንገሪው እስኪ፣ ስንት መስመር ነው ያላት?"

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ አየኝ። አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር።

"ሦስት" አልኩ።

የመጀመሪያው ውሸት ድንገት አመለጠኝ ቢባል፣ የሁለተኛው ምንም ምክንያት የለውም። ሐኪሙ ሲወጣ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ወጣ። ውሃ ከጠጡ በኋላ አልኩ። ጠጡ። ያን ቀን ወሬ አምሯቸው ነበር፤ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ አባታቸው የቴምር ዛፎች፣ ሲጨልም ከዛፉ ሥር ስለሚያበሩት ፋኖስ አወሩኝ። በመሐሉ እየተመለሱ "ግራጫ" ይላሉ፣ "ግራጫ ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም።" በእያንዳንዱ ጊዜ ልናገር እልና ትራሳቸውን አቀናለሁ። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲል ዘበኛው ጠያቂዎችን ማስወጣት ጀመረ። ነገ አልኩ። ነገ፣ ጠዋት፣ ሰው ሳይኖር። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ጎህ ሲቀድ ጎረቤታቸው ደወለልኝ።

እነሱ ሬሳ አያሳድሩም፤ ከቀትር በፊት ተቀበሩ። ሴት መቃብር አትሄድም ተብዬ ቤት ቀረሁ፣ ለሐዘንተኛ ውሃና ሻይ ሳመላልስ ዋልኩ። ወንዶቹ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። አንዱ ጎረቤት፣ ለለቅሶኛው ቦታ እንዲሰፋ ብሎ፣ የነበጉን ቅጠል ጠርጎ አቃጥሎት አገኘሁ። አልጮህኩበትም። ለመጮህ ምን ፊት አለኝ?

ልጃቸው በሦስተኛው ቀን ደረሰች። ቀብሩ አመለጣት። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፣ መነጽር ታደርጋለች፣ እጇ የአባቷን እጅ ይመስላል። አቅፋኝ አለቀሰች፤ አንቺ ነሽ ያስታመምሽልኝ አለችኝ። ለቅሶው ሲበተን፣ በቀን ነው፣ ምሳ አልቆ፣ ካርዶቹ ወዳሉበት ክፍል ገባች። የነበጓን ካርድ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። "ፎቶ አንሥቼ ዛሬውኑ ልላክላቸው። የመጨረሻ ሥራው ነው፣ መዝገቡ ሳይዘጋ ይግባለት" አለች። ስልኳን ካርዱ ላይ አነጣጠረች።

"አትላኪው" አልኳት።

ቁጭ በይ ሳትለኝ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ብርድ ልብሱን፣ እትዬን፣ እናቴን ሳይቀር። ብልቃጡን አወጣሁ። እንስሳዋ ሞታ ነበር፣ ግን ክንፏ ደህና ነው፤ እሳቸው እንዳስተማሩኝ በስፒል ወግቼ ክንፏን ዘርግቼ አሰናድቼአታለሁ። ሴትየዋ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች። ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"በስልክ የነገረኝን ታውቂያለሽ?" አለች ቀና ሳትል። "'ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተራ ነገር ትመስለኝ ነበር፣ ለካስ ያጌጠች ናት' አለኝ። እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።" ከዚያ ወንበሩን ሳበችና ባዶ ካርድ አወጣች። "የማየው አይገባኝም። አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍ።"

ነገርኳት። ገለባ ቀለም፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ ብርቱካንማ ፀጉር። ያልታየኝን አልታየኝም አልኩ። ለአባቷ መናገር የነበረብኝን ሁሉ፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ለእሷ ነገርኳት። "ያሳደጋት" የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ስሜን አትጻፊ አልኳት። "እውነት ነው፣ ይጻፋል" አለችና ጻፈችው።

ተላከ። ከወራት በኋላ መልስ መጣ፤ ከዚህ በፊት ማንም ያልመዘገባት ዓይነት ናት አሉ። ስም አወጡላት፣ በሽማግሌው ስም። መዝገቡን የሚከፍት ሰው ሁሉ ነጥቧንና ፀጉሯን ያነባል። ማንም ስለ ሦስት መስመር አያውቅም፤ እኔና ልጃቸው፣ ምናልባትም ያ ሐኪም። በጣም የጠበቋት ሰው ግን ሌላ እንስሳ ይዘው ነው የሄዱት፣ የሌለች እንስሳ። እትዬ አሁንም "ደስ ብሏቸው አይደል የሞቱት?" ትለኛለች። ደስ ብሏቸዋል። ይህ ነው የማይለቀኝ። ተከፍተው ቢሞቱ እውነቱ ጊዜ አጣ እል ነበር፤ እሳቸው ግን ደስ ያላቸው በእኔ ሌብነት ነው። እናቴም ወንድሟን ተቀይማ የሄደችው በእኛ ነው፤ ይህን ለማወቅ ያን ያህል ዓመት ፈጀብኝ።

ልጃቸው ቤቱን ዘግታ የምትሄድ ቀን ሻንጣዋን እስከ በሩ ተሸከምኩላት። መኪናው ሞተሩ ተነሥቷል። ተሰናብታኝ አንድ እግሯን አስገብታ ቆመች፣ ብዙ ቀን ያመላለሰችው ነገር እንደነበር ከፊቷ ያስታውቃል።

"የመጨረሻው ቀን፣ ስንት ሰዓት አብረሽው ተቀመጥሽ?" አለችኝ።

"ከአስር ሰዓት እስከ መግሪብ።"

"የእሳት እራቷ በሕይወት ነበረች ያኔ?"

"በሕይወት ነበረች።"

"ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ?"

"አዎ" አልኳት። "ጭኔ ላይ።"